ጢጥ ሳይል የመጣው ብርሃን

ዓለምወርቅ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እስራኤል አገር፣ ቴል ሞንድ አጠገብ ብርቱካን በሚታሸግበት ቤት ትሠራ በነበረበት ጊዜ መጀመሪያ ጎን ጎኑ ጨለመባት፣ ቀጥሎ መሐሉ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ግላኮማ የሚሉት በሽታ ከዓይኗ ወደ አንጎሏ የሚሄደውን ጅማት ጨርሶታል። ናታኒያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ግን እጇ ሁሉን ያውቃል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ያያት ሰው ዓይነ ስውር ናት ብሎ አይገምትም።

በዓይነ ስውራን ላይ ስለሚካሄድ አንድ ጥናት ወሬ ያመጣችው ልጇ ሊራዝ ናት። ሊራዝ ኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ክሊኒኩ፣ ነርስ ነች። «ኢማ» አለቻት፣ እናቴ ስትል በዕብራይስጥ፤ «ዓይንሽን አይነኩትም።» «የተበላሸውን መስመር ዘልለው በቀጥታ ከአንጎልሽ ጋር ነው የሚነጋገሩት።»

ዘመዱ የሚባለው ባሏ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጭንቅላቷን ሊከፍቱ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ዓለምወርቅ ግን ሁለት ሳምንት አሰበችበትና እሺ አለች። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ናአማ ምንም አልደበቀቻትም፤ ይህ ሙከራ እንጂ ፈውስ አይደለም፣ ምናልባት ነጥብ ብርሃን ታዪ ይሆናል፣ ምናልባትም ምንም፣ አለቻት። የዳስ በዓሉ ሱኮት ካለፈ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ፣ ቴል አቪቭ ወስደው ከአናቷ በስተኋላ፣ ከራስ ቅሏ ሥር፣ ስስ ዝርግ ነገር አስቀመጡላት። ስልሳ የሽቦ ጫፎች አሉበት። ዘመዱ ያን ቀን የቤተ እስራኤል ቄሶች እንዲጸልዩላት አድርጎ እህል ሳይቀምስ ዋለ። በደህና ወጣች፤ ቁስሉም ጠገገ።

ሙከራው የሚካሄደው እዚያው ናታኒያ፣ በፋብሪካዎቹ ሰፈር በተከራዩት ክፍል ነው። ማሽኑን የሚይዘው ጊል የሚባል መሐንዲስ ነው። «ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ» አላት በዕብራይስጥ። «ወዲያው ብርሃን ካየሽ ‹አዎ›፣ ካላየሽ ‹አይ› በይ።»

ጢጥ። «አይ።» ጢጥ። «አይ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከ«አይ» ሌላ ቃል አልወጣትም። የጊል ወንበር ሲንቋቋ ተስፋ የቆረጠ ይመስላታል። ሊራዝ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ጢጥ ባለ ቁጥር እጇን ጭብጥ ታደርጋታለች፣ እናቷ «አይ» ስትል ደግሞ ለቀቅ። ያቺ ለቀቅ የምትል ጣት ናት ያሸነፈቻት። በአራተኛው ቀን ጢጥ ሲል ዓለምወርቅ «አዎ» አለች።

ሊራዝ ጮኸች። ዓለምወርቅ አንዴ ከተናገረች በኋላ መመለሻ አልነበራትም፤ ጢጥ ባለ ቁጥር «አዎ» አለች፣ «የት ነው?» ሲሏት በእጇ አየሩን አሳየች። ቤት ሲደርሱ ዘመዱ ስልክ ይዞ ለእህቱ ለትሁኔ፣ በቤተ ክኔሴት፣ በምኩራቡ፣ ለሚያገኛቸው ጓደኞቹ ሁሉ፣ «አየች እኮ! ሚስቴ አየች!» ይላል። ዓለምወርቅ ራት ሲቀርብላት ሳህኑን ወዲያ ገፋችው።

በማግስቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሽቦውን ሳያያይዙላት እጇን አነሣች።

«ትናንት ያልኩት ውሸት ነው» አለች። «ምንም አላየሁም። አንዲትም።»

ሊራዝ ወደ እናቷ ዞረች።

«አውቃለሁ» አለ ጊል።

«ምን አልክ?»

«ከሃያው ጢጥ በስምንቱ ኤሌክትሪክ አልላክንም። ባዶ ድምፅ ነበር። አንቺ ግን ለሃያውም ‹አዎ› አልሽ።» ሳቅ አለ። «ዛሬ ልንነግርሽ ነበር፤ ቀደምሽን።»

ዓለምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዶክተር ናአማ ወንበሯን ስባ ተጠጋቻት። «ስሚኝ» አለቻት። «እስካሁን የላክነው በጣም ትንሽ ነው። የሚጥል በሽታ እንዳያስነሣብሽ ፈርተን ነው በቀስታ የጀመርነው። ‹አይ› ስትይ ጥፋት የሠራሽ መስሎሽ ነበር? ‹አይ›ሽም ለእኔ መልስ ነው። እውነተኛውን ከነገርሽኝ ልጨምር እችላለሁ፤ ካላወቅሁ ግን እጄ ይታሰራል።»

ዓለምወርቅ ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች። የቀረው ዘመዱ ነው። ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና ራሷ ወጥታ ነገረችው።

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ፣ ታያለች እያልኩ፣ ስልክ እያነሣሁ አገር ምድሩን ሳዳርስ…» ከዚያ ስልኩን አወጣና እዚያው አጠገቧ ለእህቱ ደወለ። «ትሁኔ፣ ገና ነው። ተቻኩዬ ነው። ጸልዩ ብቻ።» አፍሮ እንደሆነ ከድምፁ ታውቃለች፤ ግን ደወለ፤ ለሁሉም አንድ በአንድ ደወለ።

ኤሌክትሪኩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ ጀመር። ዶክተሯ እጇን ይዛ፣ አንዳች መንቀጥቀጥ እንዳይመጣ እየተከታተለች። ዓለምወርቅም አሁን «አይ» ስትል ደረቷን ነፍታ ነው። ጢጥ፤ «አይ!» ጢጥ፤ «አይ አልኩህ!» ጊል ይስቃል።

በስምንተኛው ቀን ጊል ሳይነግራት ድምፁን አጠፋው። እሷ የጀመሩ አልመሰላትም፤ ከሊራዝ ጋር ስለ ሱሪ ዋጋ እያወራች ነው።

«ሠላሳ ሸቀል ይበቃዋል እንጂ… ቆይ!» አለች። «ቆይ፣ መብራት ማን አበራ?»

በጣቷ አየሩን ጠቆመች።

«እዚህ፣ በግራ፣ ዝቅ ብላ። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፤ ነጭ ናት። ወይኔ፣ ሄደች!»

«ዝም በይና ተቀመጪ» አለ ጊል፤ ድምፁ ግን ተቀይሯል። ያለ ጢጥ፣ ባዶውንና እውነተኛውን እያደባለቀ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከራት። አሥራ አንዱን አገኘችው፤ አንዷን እንደሳተች ሲነግሯት «ይቺን አልያዝኳትም» አለች። ዶክተር ናአማ ማስታወሻዋን አስቀምጣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ሊራዝ «ኢማ፣ ኢማ» እያለች እናቷን አቀፈች።

ዓለምወርቅ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ለቆመው ለዘመዱ ጮክ ብላ፣ «አሁን ደውል!» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወር ፈጀ። መነጽር ላይ ካሜራ ገጠሙላት፤ ካሜራው ያየውን ስልሳዎቹ የሽቦ ጫፎች በብርሃን ነጥብ አንጎሏ ላይ ይስሉታል። መልክ አታይም፣ ፊደል አትለይም፤ ሲደክማትም ነጥቦቹ ይንጫጩባታል። ነገር ግን የበሩን ክፍተት ከግድግዳው ትለያለች፣ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ያለ ነጭ ሳህን ታነሣለች። ለሙከራ መነጽሩን ቤት እንድትወስድ በፈቀዱላት ቀን ዘመዱ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በጨለመው መስኮት ፊት ወዲህ ወዲያ ይል ጀመር።

«እህ? መልኬስ?» አላት።

«መልክህን እንኳ አላየሁም» አለችው። «ግን አንድ ነጭ ነገር መስኮቴ ላይ ይመላለስብኛል። ተቀመጥና ከፊቴ ይወገድልኝ!»

ዘመዱ እየሳቀ ተቀመጠ።