እትዬ የተኛችበት ክፍል

ሶፋ ሠሪው እንኳን በየወሩ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜም አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አይመስልም። እጁ በሙጫና በሚስማር የሻከረ፣ ሸሚዙ ላይ የስፖንጅ ብናኝ የማይጠፋ፣ ደመወዙ ወር ሳይሞላ የምታልቅበት ሰው ነው። ግን አባቱ በድንገት ታመው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ፣ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ በየወሩ ይበራል። የወርክሾፑ ሰዎች መጀመሪያ ላይ «ዲታው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ኋላ ከጉዞ ሲመለስ ፊቱን ሲያዩት ቀልዱን ተዉት።

አባትየው የሚኖሩት በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ታላቅ እህቱ ቤት ነው። በአውቶቡስ ለመሄድ ሁለት ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። አለቃው ደግሞ ከዓርብ ከሰዓት እስከ እሑድ እንጂ አንዲት ሰዓት አይጨምርለትም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ወይ መብረር ነው፣ ወይ መቅረት። መቅረት አልሆነለትም።

ችግር የማያስተምረው ነገር የለምና የድሃ በረራ ጥበብን አንድ በአንድ ተማረ። ትኬቱን ቀደም ብሎ፣ ማንም በማይፈልገው ሰዓት የሚነሳውን መርጦ ይቆርጣል። ለሻንጣ እንዳይከፍል ቅያሪውን በላይ በላዩ ይደርብና የጃኬቱን ኪሶች በካልሲና በአባቱ መድኃኒት ጠቅጥቆ እንደ ትራስ ተነፍቶ ይገባል። ዳቦውንና የተቀቀለ እንቁላሉን ከቤቱ ይይዛል። ርካሹ በረራ መሃል ላይ አንድ ከተማ ያሳርፍና ለረጅም ሰዓት ያስጠብቃል፤ እዚያ የኤርፖርት ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ይጠብቃል። የሙያ ነገር ሆኖ መቀመጫውን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ፣ ይህን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦበት አያውቅም ይላል በሆዱ።

ሚስቱ ብዙ አትናገርም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጃቸውን ጫማ ለሚቀጥለው ወር ሲያስተላልፉ፣ «አንተ ሰማይ ላይ ስትበር እኛ እዚህ መሬት ለመሬት ልንሄድ ነው» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። ደክሟት ነው። እሱም ደክሞታል።

ከትኬቱ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ማደሪያ ነበር። የእህቱ ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ነው። ክፍሉን የአባትየው አልጋ ይዞታል፤ እህቱ ግርጌያቸው መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። እዚያ ላይ ተጨምሮ ማስቸገር ነውር መስሎ ስለታየው ፔንሲዮን መፈለግ ያዘ። የመጀመሪያው ከጭፈራ ቤት በላይ ስለነበር አልጋው እስኪነጋ አብሮ ይጨፍራል። ሁለተኛው ላይ ትኋን ቀድሞት ተከራይቶ ጠበቀው። የሦስተኛው በር አይቆለፍም፤ አልጋውን ጎትቶ በሩን ደግፎ ነበር የሚተኛው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል እንደሚያከራዩ የሰማው። ክፍሏን ባያት ጊዜ ልቡ ቀለጠ፤ ፀሐይ የነካው ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ፣ ወደ አንድ ዛፍ የሚከፈት መስኮት፣ ጸጥታ። ኪራዩ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ሊሰናበታቸው ሲል ሳሎናቸው ውስጥ ሞላው ብቅ ብሎ እንግዳ የሚወጋ አሮጌ ሶፋ አየ።

«ይህን ሶፋ ከሞት ላስነሳልዎትና ኪራዩን ይቀንሱልኝ» አላቸው።

«ካስነሳኸውማ በግማሽ» አሉ አዋላጇ፣ ሳያመነቱ።

አስነሣው። በሚቀጥለው ጊዜ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች ያዘና በመጣ ቁጥር አንድ አንዱን እየጠገነ ክፍሏን የራሱ አደረጋት። በዚህ ነገር ውስጡ ኮርቶ ነበር። በዚህች ገቢ በየወሩ በርሮ፣ ደህና አልጋ ላይ አድሮ፣ አባቱን ጠይቆ መመለስ ቀላል አይደለም። ጠዋት ወደ እህቱ ቤት ይሄድና የአባቱን ጢም ይላጫል፤ የማይንቀሳቀስ እጃቸውን ያሽላቸዋል፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ያጠብቃል። ሲመሽ «እንዳላስቸግርሽ ልሂድ፣ እትዬ» ይላል። እሷም «ደህና እደር» ትለዋለች። ዝምታዋን ምስጋና አድርጎ ነበር የሚወስደው።

አንድ ቅዳሜ እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለአባታቸው ሾርባ ታጠጣለች፤ እሱ የመስኮቱን መዝጊያ ያጠብቃል። የማንኪያው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ጠበቀ፤ አልቀጠለም። ዞር ሲል ማንኪያው በሳህኑና በአባትየው አፍ መካከል አየር ላይ ቆሟል፤ እህቱ ዓይኗ ተከድኗል። ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ ጠብታ ሳታፈስ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

አባትየው ደህናውን እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

አባትና ልጅ እንደዚያው ቆዩ። ሾርባው ቀዘቀዘ። በኋላ ደጅ የሆነ ነገር ወደቀና እህቱ ብንን አለች፤ ማንኪያውንም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ አባቷ አፍ አደረሰችው። «ይዋጡ እንጂ፣ አባባ» አለች። እሳቸውም የቀዘቀዘውን ዋጡላት።

ኩሽና ድረስ ተከትሏት ገብቶ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ ጠየቃት። እሷ ቆጥራ አታውቅም። ጎናቸው እንዳይቆስል መገልበጥ አለባቸው፤ ያስላቸዋል፤ ውሃ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይፈልጉ ይጠሯታል፣ መኖሯን ለማወቅ። እሳቸውን ለማስታመም የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ከተወች ጀምሮ አንድ ሌሊት ሙሉ የተኛችበትን ቀን አታስታውስም። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት ሳህኑን ማጠቧን ሳታቆም መለሰችለት።

«ማሙሽ፣ አንተ እንግዳ ነህ» አለችው። በዚህ በሽበቱ ላይ ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለው። «ስትመጣ ደስ ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ ግን ሥራ ይጨምራል። ቤቱን አጸዳለሁ፣ ምሳ ደህና አድርጌ እሠራለሁ። ሲመሽ አንተ ሄደህ ነጭ አንሶላ ላይ ትተኛለህ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ድምፅዋን አላነሣችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እዚያው በሩን ተደግፎ ቆሞ አሰበ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያጠራቀመው ብልሃት ሁሉ፣ ርካሹ ትኬት፣ የተደራረበው ሸሚዝ፣ የተጠገነው ሶፋ፣ እሱን አመላልሶ እሱን የሚያስተኛ ብልሃት ነበር። ለእህቱ የደረሳት ነገር ቢኖር የሚታጠብ ተጨማሪ ሳህን ነው።

የአዋላጇን ክፍል ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ከሳህኑ አጠገብ አኖረው። ዛሬ እዚያ የምትተኛው አንቺ ነሽ አላት። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። የምሩን መሆኑ ሲገባት ምክንያት መደርደር ጀመረች። በተወለደችበት ከተማ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ክፍል ተከራይታ ስታድር ሰው ምን ይላታል? አባባን መገልበጥ ማን ያውቅበታል? ቢያስላቸውስ? ቢጠሯትስ?

«አሳይኝና እኔ እገለብጣቸዋለሁ» አላት።

«ሶፋ መሰሉህ?»

ከክፍሉ ውስጥ የአባትየው ድምፅ ተሰማ። ከታመሙ ወዲህ ቃል አንድ በአንድ ነው ከአፋቸው የሚወጣው፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ።

«ሂጂ» አሉ። ሁለቱም ወደ ክፍሉ ዞሩ። «እኔም... ከዓይንሽ... ልረፍ።»

እህቱ አፏን በእርጥብ እጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁሉንም አሳየችው፤ ትራሱ የት እንደሚገባ፣ ከየት እንደሚያዙ፣ ውሃው ምን ያህል ሞቅ እንደሚል። የሌሊት ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። የረሳችውን ልትነግረው ከበር ተመለሰች፤ አሁንም ተመለሰች፤ በመጨረሻ ልክ እንደ ልጅ ትከሻዋን ይዞ አስወጣት።

ሶፋ ሠሪው በዕድሜው ብዙ ከባድ ነገር ገልብጧል። አባቱ ግን ከሁሉም ከበዱት፤ ክብደታቸውም አይደለም። ሶፋ ሲገለበጥ አያፍርም፤ አባት ያፍራል። ልብሳቸውን ሲቀይርላቸው ዓይናቸውን ጭፍን አድርገው፣ የሌሉ ያህል ይሆናሉ። እሱም የሚያደርገው ቢጠፋው ስለ ወርክሾፑ ያወራላቸው ጀመር። ምን ዓይነት ጨርቅ እንደመጣ፣ አለቃው ማንን እንዳባረረ፣ አንድ ሀብታም ደንበኛ ሶፋው ለውሻው እንዲመች አድርገህ ሥራልኝ እንዳለው። ውሻው ላይ ሲደርስ የአባቱ ከንፈር በደህናው በኩል ፈገግ ያለ መሰለው። ሲነጋ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት፣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እሷ ይህን በየቀኑ ነው የምታደርገው።

እህቱ ለቁርስ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ አልመጣችም። ምሳም አለፈ። አንድ ነገር ሆና እንዳይሆን ሰግቶ አዋላጇ ጋ ደወለ።

«በር ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰምቻታለሁ፤ ታንኮራፋለች» አሉት። «ስንቱን ያዋለድኩ ሰው ነኝ፤ የተኛን ከሞተ አላምታታም። ተዋት።»

የመጣችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጉንጯ ላይ የአንሶላው መስመር ታትሟል። ለምን አላስቀሰቀስከኝም ብላ ተቆጣች። በቀጥታ ወደ አባቷ ሄዳ ጀርባቸውን አየች፣ እግራቸውን ነካካች፣ የተዘረጋውን አንሶላ ጎተት አደረገች። የነቀፈችው ትራሱን ብቻ ነው፤ በግራ መሆን ነበረበት። ከዚያ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ስነቃ የት እንዳለሁ አላወቅኩም። ዛፉን ሳየው ቆየሁ። አባባ መኖራቸውም ጠፍቶብኝ ነበር። ትንሽ ጊዜ ማንም የለኝም ነበር። ደስ አለኝ።» እጇን እያየች ቆየች። «ኃጢአት ይሆን?»

«አይደለም፣ እትዬ» አላት።

ያን ማታ ኤርፖርት ደርሶ መሳፈሪያው በር አጠገብ ተቀመጠ። ዓይኑን ለአፍታ የከደነ መሰለው። ሲገልጠው በሩ ተዘግቷል፣ ተሳፋሪው የለም፣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በእግሮቹ ዙሪያ ትጠርጋለች። ርካሽ ትኬት አይለወጥም፣ አይመለስም። የመረጃ ክፍሏ ሴት ይህን በጣም በትሕትና አስረዳችው።

ለሚስቱ ደወለላትና የሆነውን ነገራት።

«እንኳን ተኛህ» አለችው።

በአውቶቡስ ተንገላቶ ተመለሰ። አለቃው የቀረባቸውን ቀናት ከደመወዙ ቆረጠ። የሚቀጥለው ወር ትኬት ከየትም ሊመጣ አልቻለም። እህቱ በስልክ፣ አንድ ወር ብትዘል ምንም አልሆንም አለችው፤ ግን መቼ እንደሚመጣ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ከዚህ በፊት ጠይቃው አታውቅም። የእሑድ እረፍቱን የሰው ወንበር እየጠገነ አሳለፈ፤ ሚስቱም የጨርቁን ጠርዝ እየሰፋች አገዘችው።

በሚቀጥለው የሄደ ጊዜ እህቱ ጫማዋን አድርጋ፣ ፌስታሏን ይዛ በር ላይ ነው ያገኛት። ሰላምታውንና መመሪያውን አንድ ላይ ሰጠችው፤ ከትናንት ጀምሮ ያስላቸዋል፣ ወተት አትስጣቸው፣ ትራሱ በግራ። አዋላጇ ክፍሉን አሙቀው ይጠብቋታል። ምሳ አልሠራችም። በመንገዱ ከአዋላጇ የተቀበለውን ቁልፍ ከእጁ ወስዳ መንገዱን ተሻግራ ሄደች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ገብቶ ጃኬቱን አወለቀ፣ የደረበውን ሸሚዝ አወለቀ፣ እጁን ታጠበና ውሃ ጣደ። አባትየው ጣሪያውን ሲያዩ ቆይተው ወደ እሱ ዞሩ።

«ደከመህ?» አሉት።

«ትንሽ።»

«እኔም» አሉ አባትየው። ከዚያ ለመገልበጥ እንዲመቸው፣ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዘው፣ አቅማቸው እስከቻለ ድረስ ሰውነታቸውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረጉለት።