ቁልፍ የሌለው ጨዋታ

ታላቅ ወንድሜ የቪዲዮ ጨዋታ የሠራው የማያውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጥተውለት ነው። ቃል የገባላቸው፣ ጨዋታው ቁልፍ እንደሌለውና የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ እንደሚከፈት ነበር።

ለሙከራ ሲሠራው ግን እንዳይሰረቅበት ሰግቶ፣ በተከፈተ ቁጥር መኝታ ቤቴ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጎት ነበር። ጎበዙ ወንድሜ ጨርሶ ሲያወጣው ያንን ማንሳት ረሳ።

የታወቀው እኔ ካውያ ልሰካ ብዬ ኮምፒውተሩን የነቀልኩ ቀን ነው። ጨዋታው በያለበት አልከፈት አለ፤ የስድብ መዓት ወረደብን።

«አስተካክለህ ላክላቸዋ» አልኩት።

«ላክሁ እኮ። ግን ቀድመው ለወዳጅ ዘመድ አባዝተውታል፤ አባዙ ያልኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። የት የት እንደደረሰ በምን አውቃለሁ፣ እህት ዓለም?»

እሱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔ ቀረሁ፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ አስነሳዋለሁ። እጮኛዬ «ተጋብተን ከዚህ ቤት እንውጣ» ሲለኝ «ማን ያስነሳዋል?» እላለሁ። የራሴ እያረረ የሰው አማስላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልን፦ «ቁልፍ የሌለው ጨዋታ ስለሰጣችሁን እጃችሁ ይባረክ። ነፃነት ማለት ይሄ ነው።»