ቀይ ቀለም የተቀባው በር

«አንቺ ነሽ! በሬን በቀይ ቀለም ያበላሸሽው አንቺ ነሽ!» አለች ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ቀጭኗ ልብስ ሰፊ።

ጎረቤቷ «ትራስ»ም ልብስ ሰፊ ናት፤ በአንድ ግድግዳ ተጣብቀው ደንበኛ ሲነጣጠቁና አንዷ የሌላዋን ስፌት ስታማ ነው የኖሩት። ዛሬ ግን ትራስ የራሷን በር አሳየቻት። ያው የሚፈርስ ቤት ምልክት ነው፤ ቀለሙም ገና አልደረቀም። መርፌ ክው አለች። በቀደም በሩ እንዲህ የተቀባበት የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ለምሳ ወጣ ሲል ነበር ቤት አፍራሾቹ ቤቱን ድምጥማጡን ያጠፉት። ሰው ያለበትን ቤት አይነኩም፤ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃሉ።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች መዶሻቸውን ተደግፈው ያዩዋቸዋል።

«ተራ በተራ እንውጣ» አለች ትራስ። «ስትወጪ ሁለቱንም በር ከፍቼ መሃል ላይ እቀመጣለሁ።»

መርፌ ቁልፏን ሰጠቻት።

«ደንበኛዬ ቢመጣስ ምን ትይዋለሽ?»

«የሁልጊዜዬን ነዋ።»