ማሪት የለመነችው ቆሻሻ

በኖርዝ ዳኮታ የጥርስ ንጽሕና ትምህርት ለዲግሪ የምትማረው ማሪት፣ ጥርስ አጽድታ ለምታሳይበት የመጨረሻ ፈተና አፉ የቆሸሸ ሰው ራሷ ፈልጋ ማምጣት ነበረባት። ንጹሕ አፍ ላይ ምን ይፈተናል? እሷ ግን ሐሳብ አልገባትም፤ አጎቷ ቨርሊን አለላት። ገብስ ሲያርስ የኖረው ቨርሊን ጥርሱ ላይ ያደነደነው ቆሻሻ ድንጋይ ያስንቃል። እሑድ ምሳ ላይ፣ «አጎቴ፣ አደራህን፣ እስከ ሐሙስ ጥርስህን ማንም እንዳይነካው» ብላ ለመነችው።

ሐሙስ ጠዋት ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ አፉን ከፈተ። ትንሿን መስታወት አስገብታ ብትፈልግ ብትፈልግ ምንም የለም። ሌላ ሰው ያስተኛች መስሏት ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ራሱ ነው።

«ምን አደረግኸው?»

«ትናንት ከተማ ወርጄ አሳጠብኩት። አስተማሪሽ ፊት ላዋርድሽ እንዴ?»

መምህርቷ ከኋላዋ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ማሪት ልትቆጣው አሰበች፤ ልታመሰግነውም አሰበች። ስትመኝለት የኖረችው አፍ ይኸው ነው፣ በፈተናው ሊጥላትም ነው።

«አታስነካ አላልኩህም?» አለችው በመጨረሻ።

«ብለሽኛል፣ አንድ እሑድ» አለ ቨርሊን። «ከዚያ በፊት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ጉርሻዬን አፌ ላይ እያስቆምሽ ‹ሂድና አሳጥብ› ስትይኝ ኖረሻል። ያለፈው እሑድ አሞሽ መሰለኝ።»