ሁለተኛዋ ጉርሻ

ካሕሳይ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚያምነው በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛ በማርያም፣ ሁለተኛ በቆቦ የገና ቡድን። ሚስቱ ለተ ሚካኤል ቅደም ተከተሉን ትጠራጠር ነበር። ቆቦ ገበያ ተቀምጦ ጨው ሲሸጥ እንኳ ገዢው የሮቢት ሰው መሆኑን ካወቀ ሁለት ቃል ሳይወረውርበት አይሸኘውም።

ጨዋታውን ራሱ አይችልም። ጉልበቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ቆልማማዋን ዱላ ቢይዝ ከሩሯ ይልቅ የራሱን ቁርጭምጭሚት የሚመታ ሰው ነው። አፍ ግን ነበረው። በዚያ አገር እያንዳንዱ ቡድን አንድ "አፍ" አለው፤ ሜዳው ዳር ቆሞ የተጋጣሚውን ወገን በግጥም የሚወጋ ሰው። የቆቦ አፍ ካሕሳይ ነበር። የሮቢት አፍ ደግሞ አባቱ ከደጋ ወርዶ ቆላ ላይ ያረሰ ፈንታው የሚባል ገበሬ ነው። ሁለቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ ኖረዋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና አንድም ቀን አልተቀያየሙም፤ እንዲያውም ሚስቶቻቸው እስኪቀኑ ድረስ ይዋደዱ ነበር።

ቆቦና ሮቢት ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ በታኅሣሥ በሁለት እሑዶች፣ ከዚያም በገና ዕለት። ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ሩር ከተጋጣሚው ወሰን ያሻገረ ያንን ቀን ወሰደ። ሁለት ቀን የወሰደ ዓመቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አለ፤ የተሸነፈው ወገን አፍ ያሸነፈውን አፍ ቤቱ ወስዶ ያበላል። አሸናፊው እጁን ይታጠባል፣ ይጎርሳል፣ ወጡ ጨው አነሰው እያለ ያማርራል፣ ማንም ቃል አይመልስለትም። ካሕሳይና ፈንታው አንዱ የሌላውን ደጃፍ የሚረግጠው በዚህ ደንብ ብቻ ነበር። በሌላ ቀን "ግባ" ቢባባሉ እንኳ "ቆይ፣ አሸንፌ እገባለሁ" ነው መልሱ።

በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን ክፉ ቀን ነበር። ሁለት ዓመት ሰማዩ ከድቶ ማሽላው አገዳ ሆኖ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ቆቦ ዳር የቆርቆሮና የሸራ መጠለያ ተሠራ፤ ከዚያ በየማለዳው በቃሬዛ የሚወጣውን ማየት ያልፈለገ የከተማ ሰው መንገዱን በሌላ በኩል ያዞር ነበር። ሽማግሌዎቹ ዘንድሮ ገና ይቅር አሉ። ያን ጊዜ የቆቦ ምርጥ ገና ተጫዋች በድረዲን ከመስጊድ ሲመለስ አገኛቸውና ቆመ።

"ክፉው ቀን ከብቱን ወሰደ፣ እህሉን ወሰደ። ገናውንስ እኛው አንስተን እንስጠው?" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ገናው ተፈቀደ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ሮቢት ላይ ነበር። ካሕሳይ በደረቀው በጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ዱላውን ተመርኩዞ አዘገመና ሜዳው ዳር እንደ ደረሰ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

"የሮቢት ጎበዝ ዱላው ረዘመበት፣
ሩሯን ሲፈልጋት ጀንበር ጠለቀበት።"

መልስ ጠበቀ። በሮቢት በኩል ማንም አልመለሰም። ደጋግሞ ወጋቸው፤ ዝም። በድረዲን ገና ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ሩሯን አሻገራት፣ ቆቦ አሸነፈ፣ ካሕሳይ ግን ደስ አላለውም። የማይመልስ ሰው መስደብ እንዴት ያለ ባዶ ሥራ ነው። ፈንታው የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ የሮቢት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ብቻ "ከአገር ወጣ" አለው።

ፈንታው ያለበትን ያገኘችው ለተ ሚካኤል ናት። የከተማው ሴቶች ተራ ገብተው ለመጠለያው የእርዳታ ስንዴ ቂጣ ይጋግሩ ነበርና፣ በማርያም ዋዜማ ከዚያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ፈንታው እኛው ዘንድ ነው" አለች። "መጠለያ ውስጥ። ሚስቱን ጎሊና ዳር ቀብሮ ብቻውን መጣ። ሲያየኝ ፊቱን ሸፈነ። ለካሕሳይ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።"

"ማልሽ?"

"ምያለሁ። ማርያም ትፍታኝ።"

ካሕሳይ ያን ሌሊት አልተኛም። ፈንታው ከቤቱ የድምፅ ርቀት ላይ ተኝቶ ሳለ እሱ ሮቢት ድረስ ሄዶ ሲጮህ መዋሉ አበሳጨው። ማለዳ ቤት ያፈራውን በአገልግል ይዞ ወጣ። ሲሄድም፣ ሰውዬው እንዳያፍር ምን ብዬ ልስጠው እያለ ያስብ ነበር። አስቦ አስቦ ያገኘው ቃል ከሁሉ የከፋው ሆነ።

ፈንታው ጥግ ላይ በሰሌን ተቀምጧል። የትከሻው አጥንት ከጋቢው በላይ ይታያል። ካሕሳይ አጠገቡ ቁጢጥ አለና አገልግሉን አስጠግቶ፣ "ዛሬ ሃያ አንድ ናት፤ የማርያም ዝክር ነው ብለህ ብላ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ" አለው።

ፈንታው ቀስ ብሎ ቀና አለ። የዝክር ትራፊ ለማን እንደሚሰጥ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በር ላይ ለተኮለኮለ ነዳይ ነው።

"ነዳይ አደረግኸኝ፣ ካሕሳይ?"

"ኧረ እኔ…"

"እዚህ የምበላው መንግሥትም ፈረንጅም ለሁሉም የሰጠውን ነው፤ አላፍርበትም። ያንተን ግን እንደ ነዳይ አልበላም። ወደዚያ አድርገው።"

"እሺ አትብላ፤ ቤት እንሂድ። እዚህ በሽታ አለ፣ ፈንታው። በየማለዳው የሚወጣውን አታይም?"

"አያለሁ። ከኔ ግራ የነበረው ትላንት ወጣ።" ፈንታው ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። "ቤትህ የገባሁት ሁልጊዜ አሸንፌ ነው። ሮቢት ካሸነፈ እመጣለሁ፣ ወጥህንም አማርራለሁ። ካላሸነፈ እዚሁ ነኝ። ሂድ፣ ግጥሚያው ያልፍሃል።"

ካሕሳይ በአገልግሉ ያለውን አጠገባቸው ለነበሩት ልጆች አከፋፍሎ ወጣ። ሮቢት አንድ ተሸንፏል፤ የቀሩትን ሁለቱንም ማሸነፍ አለበት። ሰው የወንድሙን ነፍስ በገና ዱላ ላይ ያንጠለጥላል? ራያ ግን እንዲህ ነው፤ ከሞቱ በፊት ቃሉ ይቀድማል። ካሕሳይ ፈራ፤ በደንብ ፈራ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎሊና አሸዋ ላይ በተደረገው ሁለተኛ ግጥሚያ ሮቢት አሸነፈ። የቆቦ ሰው አንገቱን ደፋ። ካሕሳይም እንደ ወጉ ራሱን እየነቀነቀ፣ እየተማረረ ተመለሰ፤ በሆዱ ግን "ተመስገን" ይል ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሃዲ ሆነ። ለተ ሚካኤል አንዴ አይታው ሁሉን አወቀች።

የመጨረሻው ሳምንት ወሬ ሁሉ ስለ ሦስተኛው ግጥሚያ ሆነ። ገበያው ስለሱ ያወራል፣ መኪና ሊሳፈር የቆመው ስለሱ ያወራል። የሚገርመው መጠለያው ነው፤ ከዞብል፣ ከጎብዬ፣ ከደጋው የመጣው ሁሉ፣ ቆቦን ቀድሞ አይቶት የማያውቀው ሳይቀር፣ ወገን መረጠ። ለተ ሚካኤል ቂጣ ስታድል በአንድ በኩል ያሉት "እኛ ቆቦ ነን"፣ በሌላ በኩል ያሉት "እኛ ሮቢት" ይሏት ጀመር። አንዲት ልጇን የቀበረች ሴት "በድረዲን እግሩን አመመው የሚሉት እውነት ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ለሳምንታት ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ነበረች።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ካሕሳይ ሜዳው ዳር ቆሞ ወደ መጠለያው አየና ዱላውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ሰው እየመጣ ነው። እየተደጋገፉ፣ እየተቀመጡ፣ እንደገና እየተነሡ ይመጣሉ። ቆመው መሄድ ያልቻሉትን ሌሎች ጎንና ጎን ይዘዋቸዋል። ከመጠለያው እስከ ሜዳው የነበረው መንገድ ሰው ብቻ ሆነ። ያ ሁሉ የተራበ ሕዝብ የመጣው ለእህል አይደለም፤ አንዲት የእንጨት ሩር ወዴት እንደምትሄድ ሊያይ ነው። ካሕሳይ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየም። ሕዝቡ ሜዳውን ዙሪያውን ያዘና በጸጥታ ተቀመጠ።

ጨዋታው ተጀመረ። የሁለቱም ወገን ልጆች ከስተዋል፤ ትንሽ ይሮጡና ዱላቸውን ተደግፈው ይተነፍሳሉ። ግን አንዳቸውም ሩሯን አይለቋትም። አንዴ ሮቢት ወሰኑ አጠገብ ሲደርስ ካሕሳይ በልቡ "በል፣ ምታት" አለ፤ በአፉ ግን ዝም ማለት አይችልምና የለመደውን ስድብ በግማሽ ልብ ወረወረ።

ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ፣ ከመጠለያው ሰው መካከል፣ አንድ የቀጠነ ድምፅ ተነሣ።

"ጨው ሻጩ ካሕሳይ ምን ያስፎክርሃል፣
ዝናብ የጣለ ለት ማን ያገኝሃል?"

ፈንታው ነው፤ በሁለት ሰው ተደግፎ ቆሟል። ግጥሙ አዲስ አይደለም፤ በየዓመቱ ይለዋል፣ በየዓመቱም ይሳቅበታል። ዘንድሮ ግን ማንም አልሳቀም። ዝናብ የሚለው ቃል ሜዳው ላይ ወድቆ ቀረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "አሜን" አሉ። አጠገባቸው ያለው "አሜን" አለ። በድረዲንም ሩሯ እግሩ ሥር ሳለች ቆሞ "አሚን" አለ። ሕዝቡ ሁሉ እየተቀባበለ "አሜን፣ አሜን" ሲል ካሕሳይ ፀጉሩ ቆመ። ለካ ያ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሰድበው ሲጸልይ ነው የኖረው።

ግን ተሰድቧል። የተሰደበ አፍ መመለስ አለበት፤ የውሸት መልስ ደግሞ ፈንታው ወዲያው ያውቃል። ካሕሳይ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም፤ አፉ ከልቡ ቀደመ።

"ይምጣ ዝናቡ፣ ልሟሟ ግድ የለም፣
ሮቢት ሲያሸንፍ ከማይ በዚህ ዓለም።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሆዳቸው ባዶ የሆነ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተደግፈው ሳቁ። የቆቦ ልጆች ይህን ሲሰሙ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጉልበት አገኙ፤ በድረዲን ሁለት ሰው አልፎ፣ ሦስተኛውን አታልሎ፣ ሩሯን በአንድ ምት ከወሰኑ አሻገራት። ጀንበር ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ቆቦ አበደ። ካሕሳይ ግን ባለበት መሬት ላይ ዝርግፍ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ማርያምን የለመነውን በአንድ ቤት ግጥም አጠፋው። ሰዎች ሊሸከሙት መጡ፤ እጃቸውን መለሰ። እንዴት አድርጎ ለሚስቱ እንደሚነግራት ነበር የሚያስበው።

ዱላ መሬት ሲነካ ሰማና ቀና አለ። ፈንታው ሜዳውን ብቻውን አቋርጦ መጥቷል።

"ምን ትጎለታለህ?" አለው። "የተሸነፈ ያበላል። ተነሥ፣ ቤቴ እንሂድ።"

ካሕሳይ እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም። መጠለያው ድረስ ተከተለው። ፈንታው ሰሌኑን አራገፈና አስቀመጠው። ከቆርቆሮ ጣሳ ውኃ አንቆርቁሮ እጁን አስታጠበው። ከዚያ ከጨርቅ ውስጥ የዕለት ድርሻውን፣ መዳፍ የማታህል የስንዴ ቂጣ፣ አወጣ። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ያያል።

"ጨው የላትም" አለ ፈንታው። "አንተ ደግሞ ጨው ሻጭ ሆነህ ባዶ እጅህን ሰው ቤት ትመጣለህ?"

ካሕሳይ ከጋቢው ጫፍ ቋጥሮ የያዛትን የጨው ቅንጣት ፈታ። ፈንታው ቂጣዋን ቆረሰ፣ በጨው ነካ፣ ክንዱን በሌላ እጁ ደግፎ ዘረጋ። የተራበ ሰው ጉርሻ ነው። ካሕሳይ "አይሆንም" ሊል ነበር፤ ዓይኑን ሲያይ ግን ተወው። አፉን ከፍቶ ጎረሰ። ብዙ ድግስ በልቷል፤ እንደዚያች ጉርሻ ግን የከበደችው የለችም። አኝኮ እስኪውጣት ድረስ ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

"ቂጣህ ጠንክራለች በል እንጂ" አለው ፈንታው። "አሸናፊ ያማርራል።"

ካሕሳይ ጢሙን ጠረገ። ሃሳቡ የመጣለት ያን ጊዜ ነው።

"ቂጣዋስ ደኅና ናት" አለ። "ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ፈንታው።"

ፈንታው ሁለተኛውን ሊቆርስ እጁን ሰደደ። ካሕሳይ ቂጣዋ ላይ መዳፉን አሳረፈ።

"እዚህ ጠግቤያለሁ። ሁለተኛዋን ቤቴ ነው የምታጎርሰኝ። ያሸነፈ ሰው የሚጎርስበትን ቦታ መምረጥ አያቅተውም መቼም። ወይስ ተጣልተን እንቅር?"

አጠገባቸው የነበሩት አንድ ሽማግሌ "አንድ ጉርሻስ ያጣላል፤ ልክ ነው" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

"ተንኮለኛ ነህ፣ ካሕሳይ" አለ ፈንታው በመጨረሻ። የቀረችውን ግማሽ ቂጣ በጨርቋ ጠቀለላት፣ ብብቱ ሥር ሸጎጣት፣ እጁን ለካሕሳይ ዘርግቶ ተነሣ።

አጭሩን መንገድ ብዙ ጊዜ እየቆሙ ሄዱት። ፈንታው በቆመ ቁጥር የበድረዲን ምት ከወሰን ውጭ ነበረች እያለ ይከራከር ነበር። ለተ ሚካኤል በሩን ከፍታ አየቻቸው። ፈንታው ሳይቀመጥ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ቂጣውን አወጣና ካሕሳይን አጎረሰው። ከዚያ ጥቂት ፍርፋሪ እጁ ላይ ቀረች።

ለተ ሚካኤል ነገሩን ማን ነገራት? ማንም። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች።

"እኔስ፣ አያ ፈንታው?" አለችው።

ፈንታው እሷንም አጎረሳት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ውኃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው፣ ገበታውንም አቀረበች። ፈንታው አንድ ጊዜ ጎረሰና ወጡ ጨው አነሰው አለ።