የኑርዬ ሌኒንግራድ ስንዴ

ንፍሮው በሰፌድ ዞሮ አሪፋ ዘንድ ሲደርስ መዳፏን ዘረጋች፤ ከቀብር መልስ የመጣን ንፍሮ መመለስ ነውር ነው። ገና ትኩስ ነበር። ሽንብራው ቢጫ፣ ባቄላው ቡናማ፣ ስንዴው ግን ጥቁር ነው። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ሌላዋንም አየች። ከዚያ መዳፏን ጨበጠች።

የአባቷ ዘር ነው። ንጋት ላይ ያረፈው፣ ዙሁር ተሰግዶ የተቀበረው አባቷ ገና በሽታው ሳይጠናበት እጇን ይዞ፣ «አሪፋ፣ ጓዳ ያለችውን ጀሪካን አደራ። ሐምሌ ሲገባ ትዘራ» ያላት ዘር። ከዚያ ዘር የቀረችው በጀሪካኗ ያለችው ብቻ ናት፤ ሌላ የትም የለም። አሪፋ ውጫሌ ገበያ ጨርቅ ሻጭ ናት፣ ስለ እርሻ የምታውቀው ነገር የለም፤ ቢሆንም «እሺ አባዬ» ብላዋለች። የሟች አደራ ደግሞ እንደ ሌላው ቃል አይደለም። ቆሞ የሚጠይቅሽ ሰው የለም፣ ግን ይጠይቅሻል።

መጮህ አማራት። ፊት ለፊቷ ግን እማማ ተሾመች ተቀምጠዋል፤ የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ ሴቶች አለቃ፣ ንፍሮውን የቀቀሉት እሳቸው። በቀሩት ጥቂት ጥርሶቻቸው እያላመጡ ፊታቸው ፈካ ብሏል።

«ኧረ ይኼ ስንዴ የድሮ ጣዕም አለው!» አሉ ለጎረቤታቸው።

እንዲህ ያለን ሰው ምን ብላ ትናገር? ንፍሮውን ወደ አፏ ያደረሰች መስላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የአባቷን ዘር እንዴት አድርጋ ትዋጠው።

ለማያውቅ ሰው መንገር ይሻላል። በኛ በሐይቅ ከተማ ሰው ሲሞት ቤቱን ቅሬው ይረከበዋል። ሐዘንተኛ ሰሌኑ ላይ ከተቀመጠ አይነሳም፣ ጓዳ አይገባም፣ ይኼን ንኩ ያንን ተዉ አይልም። ሴቶቹ ገብተው ያገኙትን ያወጣሉ፣ የጎደለውን ከየቤታቸው ያመጣሉ። እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ ይሮጣል፣ ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ፤ ሥጋ ካልሆነ በቀር ድስቱ አይለይም። ደግ ሥርዓት ነው። ከዛሬ በፊት በዚህ ሥርዓት የተጎዳ ሰው ስለመኖሩ አልሰማንም። እማማ ተሾመች ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ጓዳው ጨለማ ነው፤ ወጣቶቹን ሴቶች ደግሞ ጥቁር ስንዴን ከቀይ ስንዴ መለየት ማን አስተማራቸው? ጀሪካን ተገኘ፣ ስንዴ አለበት፣ ተቀቀለ። በቃ።

ሟቹ ኑርዬ ሌኒንግራድ ይባል ነበር። አባቱ ሌኒንግራድ አይባሉም፤ ያወጣንለት እኛ ነን። በደርግ ጊዜ ትራክተር ይማር ተብሎ ወደ ሌኒንግራድ፣ ወደዚያች ትልቅ የድሮ ከተማ ተላከ። ትራክተሩን ረሳው፤ ሐይቅ ላይ ትራክተር ከየት ያገኛል? ከተማዋን ግን አልረሳትም። ሌላው ውጭ የኖረ ሰው ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ወንዙ ያወራል። ኑርዬ የሚያወራው ማንም ልብ የማይለውን ነው። የወርቅ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ፊት አደባባይ አለ፤ በጦርነት ጊዜ ጥቅል ጎመን ተተክሎበት ነበር ይላል። ይኼን የነገረችው የተማሪ ካፖርት እየተቀበለች የምታንጠለጥል አንዲት አሮጊት ናት፤ በዚያ ጦርነት ኮረዳ ነበረች። እጁን ይዛ ወስዳ አደባባዩ አጠገብ ያለ ሕንጻ አሳየችው።

የኑርዬ ወሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ሕንጻ ላይ ነው። ጀርመን ከተማዋን ከቦ እህል ከለከለ። ሰው መንገድ ላይ ይወድቅ ጀመር። ሕንጻው ውስጥ ግን በየመሳቢያው ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ዘር ሞልቷል፤ ስንዴ በለው፣ ሩዝ በለው፣ በበቅሎ ተጭኖ ከኛ አገር የሄደ እህል ሳይቀር። ዘሩን የሚጠብቁት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ይኼ ነገ የሚዘራ ነው ብለው አንድም ፍሬ ሳይቀምሱ፣ ብዙዎቹ እዚያው በረሃብ ሞቱ።

እዚህ ላይ ሲደርስ ሙዘይን ይገባል። ሙዘይን የአሪፋ እናት ወንድም ነው፣ አምባሰል ደጋው ላይ ያርሳል፣ አማቹን መጎንተል ደግሞ እንደ ሥራ ይዞታል።

«ወሬ! ሰው እህል አጠገብ ቁጭ ብሎ በረሃብ ይሞታል? እኔ ብሆን ከነመሳቢያው በበላሁት።»

ቤቱ ይስቃል። ኑርዬም ይስቃል። አንተ በዓይንህ አይተሃል ወይ ሲሉት፣ የለም፣ ማን ያስገባኛል፣ በሩን ነው ያየሁት ይላል። እሺ ወላሂ በል ሲሉት ዝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ወላሂ የማይል ሰው ወሬው ይቀልበታል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ወደድነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ግን አላመንነውም።

በማግስቱ ለቅሶ ደራሹ በረከተ። ከደሴ መጡ፣ ከውጫሌ የአሪፋ የገበያ ጎረቤቶች በሚኒባስ ተጭነው መጡ። ዱአ ተደረገ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ይላታል አንዱ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ ይላታል ሌላው፤ ለሁሉም አሜን ትላለች። ልቧ ግን ጓዳ ነው። ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ይታያታል።

ያ ጀሪካን የመጣበት ቀን ትዝ ይላታል። ባለፈው ጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሰው ነቅሎ ወደ ደሴ ወጣ። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ። አባቷ የያዘው አፉ በጭቃ የተመረገ አንድ ቅል ብቻ ነበር። ሙዘይን መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ «ኑርዬ፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል አንተ ቅል!» ብሎ ጮኸበት። ጥቂት እንደሄዱ ሰው ተጋፋ፣ ቅሉ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ተሰበረ። አባቷ መንገዱ መሃል በርከክ አለ። እሷም አብራው በርከክ ብላ፣ በሺህ እግር መሃል ጥቁር ስንዴ እየለቀመች እንደዚያ ቀን ያፈረችበት ቀን የለም። አንድ አላፊ አዝኖ ባዶ የዘይት ጀሪካን ሰጣቸው። ሲመለሱ ማሳው ላይ የቆመው ሰብል የለም፣ ጎታውም ተገልብጦ ጠብቋቸዋል። ጀሪካኗ ብቻ ተረፈች። ያኔ ነበር አባቷ ሳቅ ብሎ፣ አየሽ የለቀምነውን ያላት።

ወደ አመሻሹ ላይ ለአጎቷ በጆሮው ነገረችው። ዘሩ ተቀቀለ፣ አደራውን በላሁት፤ እማማ ግን እንዳይሰሙ፣ ልባቸው ይሰበራል አለችው። ሙዘይን ፊቱ ተለወጠ፤ አልሰማሁም፣ አልናገርም አላት። ለሙዘይን ምስጢር መንገር ግን በወንፊት ውሃ መቅዳት መሆኑን እሷም አታጣውም፤ ሐዘን ሰው ይመርጣል እንዴ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቤቱ በር ላይ የተጣለው ድንኳን ሞቅ አለ። ሰው ሟቹን በሳቅ ያነሳ ጀመር፤ ጥሩ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው። ሌኒንግራድን ንገረን ተባለና ሙዘይን ጀመረ። ጎመኑን ተናገረ፣ አሮጊቷን ተናገረ። የሚገርመው አላፌዘም። በኑርዬ ድምፅ፣ በኑርዬ እርጋታ ነገረው። መጨረሻው ላይ ግን አፉ አመለጠው።

«እነዚያ ሞተው ጠበቁት፤ እኛ የሱን ከቀብር መልስ በንፍሮ ጨረስነው።»

ሰው ሊስቅ ሲል እማማ ተሾመች የእጅ ውሃ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የቱን?» አሉ።

አሪፋ አንገቷን ደፋች።

«ሙዘይን፣ አንተን ነው። የቱን ነው የጨረስነው?»

«የጀሪካኑን ስንዴ ነው እማማ። ዘር ነበር።»

«ዘሩ ቅሉ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ቅሉማ በስደቱ ጊዜ ተሰበረ።»

እማማ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ጓዳ ገቡ። አሪፋ ልትነሳ ስትል ሴቶቹ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት፤ ሐዘንተኛ አይነሳም። ይኸው የፈራችው ሆነ። እማማን ከጓዳ የሚያወጣቸው ለቅሶ ነው ብላ ጆሮዋን አቀናች። እሳቸው ግን ጀሪካኑን በጉያቸው ይዘው መጡ፣ አጠገቧ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፣ ጀሪካኑን ጆሮዋ ሥር አድርገው ነቀነቁት።

ከሥሩ እህል ተንሿሿ።

«አብሽሪ አሪፋዬ» አሉ። «እኔ የማንንም እህል ሙልጭ አድርጌ አልገለብጥም። ጭብጥ ታህል ከሥሩ ሳልተው ከሰው ቤት አልወጣም። ይኼን ያስተማረችኝ ደግሞ አያትሽ ሙጂባ ናት።»

አሪፋ አያቷን አታውቃቸውም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሞቱ ከመባል በቀር አባቷ ስለ እናቱ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም። እማማ ተሾመች ግን ጀሪካኑን እንዳቀፉ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ ነገሯት። ያን ዓመት እሳቸው ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፈዋል፣ ባላቸው እህል ፍለጋ ሄዶ ቀርቷል። ሙጂባ ለዘር ያስቀመጡትን ጥቁር ስንዴ እያወጡ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀቀሉ፣ አንቺ ታጠቢያለሽ እያሉ ያበሏቸው ነበር። አንቺስ ሲሏቸው፣ እኔ ቅድም በልቻለሁ ይላሉ።

«አልበላችም» አሉ እማማ። «ስትሞት ቅሉ ራስጌዋ ነበር፣ አፉን በጭቃ መርጋዋለች። ስነቀንቀው ጭብጥ የምታህል ስንዴ አለበት። እኔን ካጠገበች በኋላ ያቺን ለራሷ ብትቀቅላት ማን ይጠይቃት ነበር?»

ጀሪካኑን ወደ አሪፋ ጠጋ አደረጉት።

«አባትሽ ከዚያ አገር ሲመጣ ቅሉን ሰጠሁት። ከፍቶ አየና ቁጭ አለ። እዚያም ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነግረውኝ ነበር አለ። ከዚያ፣ ተሾመች አደራ፣ ለሰው አትንገሪ፣ ያን ዓመት ዘሩን በልቶ የተረፈ ሁሉ ያፍራል አለኝ። አልተናገርኩም። እሱ ግን እናቱን ማውራት ሲያምረው ሌኒንግራድን ያወራል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ይገባኛል። እናንተ ትስቃላችሁ።»

ሙዘይን ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ወላሂ በል እያለ ስንት ዓመት እንደነዘነዘው ትዝ ብሎት ይሆናል። የተናገረው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ሐምሌ ሲገባ በሬዎቹን ይዞ እንደሚወርድ፣ ለጭብጥ ዘር የምትሆን መደብ እሱው አርሶ እንደሚያለሰልስ። ኑርዬም ከጭብጥ ነው የጀመረው አለ።

አሪፋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው ለአባቷ ነበር፤ ይኼኛው ለማን እንደሆነ አልለየችውም፣ ግን ቀለላት። ሲበቃት ዓይኗን ልትጠርግ የነጠላዋን ጫፍ ስታነሳ ቋጠሮው እጇ ላይ መጣ።

ፈታችው። ንፍሮው ደርቆ ጠንክሯል። ስንዴውን ከሽንብራውና ከባቄላው ለይታ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን እማማ ተሾመች መዳፍ ላይ አደረገችው።

«ይብሉ እማማ።»

ቀሪውን እሷ አፏ ውስጥ ጨመረችው። እማማም ጨመሩ። ጥርሳቸው ስለማይችለው አፋቸው ውስጥ ይዘው እስኪለሰልስ ቆዩ። አሪፋም ሳትውጥ ጠበቀቻቸው።