የማን እጅ ነበር?

ቶሪቢዮ መጽሐፉን ሦስቴ አንብቦታል፤ ሦስቴም ለክፋት ነው። አብሮ አደጉ ፌርሚን በማልቪናስ ደሴቶች ጦርነት ላይ ልቦለድ ጻፈ ተብሎ በፓራና ወንዝ ዳር ያለችው ከተማቸው ስታሞግሰው፣ የሱ አንጀት እርር ድብን ይል ነበር። ሁለቱም ዘምተው አንድ ምሽግ ውስጥ ተርበዋል። ዝናውን ይውሰድ፣ ግድ የለም። አንዷን ምዕራፍ ግን ይቅር ሊላት አልቻለም።

በምዕራፏ ደራሲው ራሱ፣ ፈንጂ ዐይኑን ያጠፋውን ወታደር እስኪሞት እጁን ይዞ ያጽናናዋል። ሟቹ የሰፈራቸው ልጅ ሲክስቶ ነው። የያዘው ግን ቶሪቢዮ ነበር። ፌርሚን ያን ሰዓት ምግብ ፍለጋ ሄዶ፣ ሲመለስ ያገኘው ሬሳ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የከተማው አንባቢዎች ክብ ሠርተው፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ ስለ መጽሐፉ ሲወያዩ ቶሪቢዮም ገባ። ፌርሚን ራሱ ከመካከላቸው፣ የሲክስቶ እናት ዶኛ ኤርሜሊንዳ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቅሉ ሲደርሰው ሳይቀምስ "አመሰግናለሁ" አለ፤ በቃኝ ማለቱ ነው።

"እጁ ምንን ይወክላል?" አለች አስተማሪዋ።

"አገርን" አለ አንዱ።

"ኧረ ተወኝ! አገርማ ያለ ካልሲ በረዶ ላይ የጣለቻቸው ናት" አለች መድኃኒት ሻጭዋ። "ትዝታ ነው እንጂ፤ የተረፈውን ሰው የማይለቅ።"

ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። ቶሪቢዮ ብድግ አለ።

"እጅማ እጅ ነው! የማን እንደሆነ ለምን ደራሲውን አትጠይቁትም? በል ተናገራ፣ ፌርሚን!"

ፌርሚን ፊቱ አመድ መሰለ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ግን ወደ ቶሪቢዮ ዞሩ።

"አንተም እዚያ ነበርክ። ልጄ የማንን እጅ ይዞ ሞተ? እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ።"

ይህችን ጥያቄ ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል! "የኔን" ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ የሲክስቶ ድምፅ መጣበት። ዐይኑ የጠፋው ሲክስቶ እጁን ጨብጦ "ፌርሚን፣ አንተ ነህ አይደል?" ብሎት ነበር። ድሮም ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ፌርሚንን ነው። ቶሪቢዮ ቅናቱን ዋጥ አድርጎ "አዎ፣ ፌርሚን ነኝ፤ አለሁ" ሲለው፣ ሲክስቶ ፈገግ እንዳለ ሞተ።

"እማማ፣ እኔ እኮ..." አለ ፌርሚን እየተንተባተበ።

"ዝም በል አንተ!" አለው ቶሪቢዮ። "የፌርሚንን ነው፣ እማማ። ስሙን እየጠራ ነው የሞተው።"

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ተነሡ። በቶሪቢዮ አጠገብ አልፈው የፌርሚንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አገላብጠውም ሳሙት። ቶሪቢዮ የገዛ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቀና፤ ክፉኛ ቀና።